አንስቶን ጠፋ እንዳይሉን

ኮንዶሚኒየም ጎረቤት የሚሰጠው በዕጣ ነው። እኔ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ስገባ በአንድ ደረጃ ከምንወጣና ከምንወርድ ሰዎች አንዱ ከመርካቶ፣ ሌላዋ ከአራት ኪሎ የመጡ ናቸው፤ ብዙውን ቤት ደግሞ ባለዕጣው አከራይቶት ተከራይ ይኖርበታል። ከግቢያችን ጀርባ ሕንፃው ሳይቆም መሬቱን ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በልጅነት ሰፈሬ "የእነማን ልጅ ነህ?" ተብሎ የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ መነሻ የለውም። ሰው ሳይነጋ ወጥቶ ለመገናኛ ታክሲ ይሰለፋል፤ ሲመሽ ይመለሳል፤ በሩን ይዘጋል። ደረጃ ላይ ከተገናኘን "እንዴት አመሻችሁ" ተባብለን እናልፋለን እንጂ ስም አንጠያየቅም።

እኔን ከሰፈሩ ሰው ጋር ያግባባኝ ካሜራ ነው። በፎቶ እንጀራ የምበላ ሰው አይደለሁም። አንድ ያገለገለ ካሜራና አንድ ሌንስ አለኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጎረቤቶቼን አነሳለሁ፣ አሳጥቤ እሰጣለሁ፤ በቃ። "እኔም በሰፈሬ ልጀምር ብል ከየት ልነሣ?" የሚሉኝ ስላሉ የሚጠቅመውን ልጻፍላቸው ብዬ ነው። ዋናውን ላስቀድም፦ ከሰው ጋር የምትወዳጁት የታጠበውን ፎቶ ይዛችሁ ስትመለሱ ነው። ሌላው ሁሉ ለዚያች ቀን መንገድ መጥረግ ነው።

በከተማው ዳርቻ የሚኖር ሰው ካሜራ ብርቁ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላነሳ ጎብኚ፣ ያላነሳ ጋዜጠኛ፣ ያላነሳ ፎቶ ተማሪ ማን አለ? ፎቷቸው ስንት አገር ዞሯል። አንድ ቀን በካራ በኩል ሸክማቸውን አሳርፈው ከተቀመጡ እናቶች ጋር ሳወራ አንደኛዋ "ያነሳን ሰው ብዛቱ! አንስቶን ይጠፋል። እኔ ያን ሁሉ ተነሥቼ ራሴን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። ሸክም ላይ ያለ ሰው አላነሳም፤ ሸክሙን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ልብሱን አስተካክሎ "በል አሁን አንሳኝ" ካለኝ ብቻ። አሳጥቤ ልመልስለት የማልችለውንም ሰው አላነሳም። ነገ የማላገኘው መንገደኛ ፊቱ ምንም ያህል ቢያምረኝ ካሜራዬ ከቦርሳ አይወጣም። ብዙ ጥሩ ፎቶ ያሳጣኛል፤ ያሳጣኝ።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ ከሜዳ ተነሥቶ "ፎቶ ላንሳዎት?" ማለት አይሠራም። ሰው "ለምን?" ይላል፤ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሰላምታው በወጉ ይድረስ። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፣ ቸኩላችሁ አታሳጥሩት። ከጀርባችን ካሉት አባቶች ጋር "አካም ጅርቱ?" ብዬ የምጀምረው ኦሮምኛዬ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያልቅበታል፤ ይሥቁብኛል፣ እኔም እሥቃለሁ፣ ጨዋታው በአማርኛ ይቀጥላል። የመጀመሪያ ቀን ካሜራ ባትይዙ ይሻላል። ዝም ብላችሁ ሻይ ጠጡ።

ቀጥሎ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አጥብቃችሁ ያዙት፦ "ፎቶ ቢነሡ ለማን ይሰጡታል?" ሰውን ስለ ራስህ ንገረኝ ቢሉት ይጨነቃል። ፎቶውን ስለሚቀበለው ሰው ግን ሳይታክት ያወራል። ምድር ቤት ያለችው ባለ ሱቅ "ቤይሩት ላለች እህቴ" አለችኝ። በዚያ ተነሥተን እህቷ ስትሄድ ምን ያህል ልጅ እንደነበረች፣ ሱቁ በማን ገንዘብ እንደተከፈተ፣ በፎቶው ላይ ለምን ወፈር ብላ መታየት እንደፈለገች ነገረችኝ። "ከስተሻል ብላ እንዳትጨነቅ" ነው ምክንያቷ። መንገድ ዳር ያለው ሊስትሮ ደግሞ "ሆሳዕና ከተማ ላለችው እናቴ" አለና ሣጥኑ በፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አስጠነቀቀኝ። ለእናቱ የነገራት ሱቅ ተቀጥሬያለሁ ብሎ ነዋ። ሳልጠይቅ ብጀምር ኖሮ ሣጥኑን ከፊቱ ነበር የማስቀምጠው፤ ለእኔ ዓይን ቆንጆ ነበራ።

የብሎካችን ጥበቃ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ትንሿን ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አድርገው ሲቀመጡ የማየው ነበር የማረከኝ። እንዲያ እንዳሉ ላንሳቸው ፈልጌ ጠየቅኳቸው። "ቆየኝ" ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ጢማቸው ተላጭቷል፤ ኮት ለብሰዋል፤ ከረባት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ግድግዳውን ተጠግተው ተጠንቀቅ ቆሙ። አገጫቸው ቀና፣ እጃቸው ከጎናቸው ልክክ። ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺ "ዘና ይበሉ፣ ፈገግ ይበሉ" እያለ ሰውየውን ማፍረስ ይጀምራል። አልስማማም። ይህ አቋቋም የራሱ ታሪክ አለው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሥራውን ተረክበው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነገሥታቱንና መኳንንቱን እንዲያ አቁመው ነው ያነሷቸው። በኋላ የየሰፈሩ ፎቶ ቤት ያንኑ ለሁላችን አደረሰው፦ የተሳለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ኮት ለሌለው የሚዋስ ኮት። ወላጆቻችን ፎቶ ሲነሡ ለልጅ ልጅ የሚቀር መልክ ነው ያስነሡት፤ በዕለት ልብስና በዕለት ፊት አይሆንም። ጋሼ ፎቶ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው እንደፈለገው አንሱት፤ ያ የእሱ ፎቶ ነው። እንዳበቃን ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩና "ጋሼ፣ የት ነበር የዘመቱት?" አልኳቸው። "ካራማራ" ብለው ጀመሩ። 1970 ዓ.ም.ን ትላንት እንደሆነ ሁሉ በእጃቸው እያሳዩ ሲያወሩ ከረባቱ ተጣመመ፣ ዓይናቸው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ፤ ያኔ አንድ ደገምኩ። ሁለቱንም አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ተጠንቀቅ የቆሙበትን የጥበቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሌላውን አገላብጠው አዩና "ይቺን አንተ ያዛት፤ እኔን አትመስልም" ብለው መለሱልኝ። እኔ በበኩሌ ካነሳኋቸው ሁሉ እሷን ነው የምወዳት። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ሳያስቆሙኝ አያሳልፉኝም።

ስለ ብርሃን ትንሽ ልበል፤ ሰው ፎቶውን ካልወደደው ይዞ መመለሱም ዋጋ የለውምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዳርቻው ኮረብታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ፀሐይዋ ቀትር ላይ ከአናት ትመጣና ዓይንን ጉድጓድ ታደርገዋለች። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ሥሩ። በመካከሉ ከሆነ ጥላ ፈልጉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ መግቢያ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ሰውየው ከመግቢያው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ቢያዞር ለስላሳ ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ከጀርባው ጨለም ይላል።

ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ስታነሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ብዙ ነጭ ሲያይ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው ቡላ፣ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ይሆናል። ብርሃኑን የምትለኩት ከፊታቸው ላይ ይሁን፤ ወይም የካሜራውን የብርሃን መጠን ማስተካከያ በአንድ እርከን ገደማ ከፍ አድርጉት። በስልክ ከሆነ ፊታቸው ላይ ጣታችሁን አሳርፉና የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ግፏት፤ ጥለቱ ነጥቶ እንዳይጠፋ ብቻ እያያችሁ። ሌንሴ 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት የሚለው ክፍል ይጠባል)፤ ግን ሁለቱም ዓይን ጥርት እንዲል ኤፍ 2.8 ወይም 4 ላይ ነው የምሠራው። ስልክ የያዛችሁ ፊት ለፊት ተጠግታችሁ አታንሱ፣ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ሁለት እጥፍ አቅርቡት። "ስልክ ይበቃል ወይ?" ለምትሉኝ፣ በትንሹ መጠን ለሚታጠብ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

ቆዳ የሚያነጡና ፊት የሚያለሰልሱትን ማጣሪያዎች ግን ተዉአቸው። ይህን ያረጋገጡልኝ አንዲት እማማ ናቸው።

እማማ ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። የጋሼን ፎቶ የጥበቃ ቤቷ ውስጥ አይተው ኖሮ አስጠሩኝ። ቡና ተፈልቷል። እስከ ቶናው ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ከዚያ "ለመሸኛዬ የሚሆን ፎቶ አንሳኝ" አሉኝ፤ እንደ ዋዛ፣ ዘይት ግዛልኝ እንደሚባለው። ልጃቸው "እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው!" ብላ ተቆጣች። እሳቸው ተነሥተው ከመኝታ ቤት ባለ መስታወት ፍሬም አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። የባለቤታቸው ፎቶ ነው። ሲሞቱ ሌላ ፎቶ ስላልነበራቸው የመታወቂያቸውን ጉርድ አስተልቀው ነው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያቆሙት። የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ክብ ትከሻቸው ላይ ሰፍሮ አብሮ አድጓል፤ ፊታቸው ነጠብጣብ ብቻ ነው። "ሰው ሁሉ የተሰናበተው ማኅተሙን ነው" አሉ እማማ።

ብዙ ቤት ውስጥ ይህ አለ፤ ልብ ብላችሁ እዩ። ሠርግ እንቀርጻለን፣ ልደት እንቀርጻለን፤ የእናትና የአባት አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ግን ቀብር ሲደርስ ነው የሚፈለገው።

እማማን በረንዳቸው ላይ አነሳኋቸው። የሚለብሱትን ቀሚስ መርጠው ጨርሰዋል። አንገታቸው ላይ የቆየ ንቅሳት አላቸው። የልጅ ልጃቸው ጠጋ ብላ "ኤዲት ስታደርገው አጥፋላቸው" አለችኝ። ሰሟት። "እናቴ ያስነቀሰችኝ ነው፤ እንዳትነካብኝ" አሉና ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉት። ሃያ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር አሳጥቤ ፍሬም አስገብቼ ሳመጣላቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ቀጥሎ ያደረጉት ግን ለልጃቸው ሰጥተው እንዲቀመጥ ማዘዝ አልነበረም፤ ፍሬሙን በሻሽ ጠቅልለው በየጎረቤቱ ሲያሳዩ ዋሉ። በሳምንቱ የዕድሩ ሴቶች ተራ ያዙ። ኮሚናሉ፣ ማለትም የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ ውስጥ ወንበር አስቀምጠን ማንሳት ጀመርን። ተራ የሚጠብቁት እርስ በርስ ነጠላ ይስተካከሉ፣ ጸጉር ይነካኩ፣ "እንዴት ነው የማላውቅሽ? ስንተኛ ፎቅ ነሽ?" ይባባሉ ጀመር። እኔም ከዚያ ወዲያ "የፎቶው ልጅ" ተባልኩ። ዕድር ያስገቡኝም እነሱ ናቸው፤ መመዝገቢያውን የዕድሩ ጸሐፊ ሳልጠይቀው ነው ይዞልኝ የመጣው።

ለማድረስ በራሳችሁ እግር ሂዱ። በቴሌግራም ልኮ መገላገል ያጓጓል፤ ለቤይሩቷ እህት በእርግጥ በቴሌግራም ነው የሄደው። ለጎረቤት ግን ወረቀቱን ይዛችሁ አንኳኩ። "ግባ" ሲሏችሁ ግቡ፤ "ቡና ልናፈላ ነው" ሲሉ "ቸኩያለሁ" አትበሉ፤ ጊዜ ከሌላችሁ ሌላ ቀን ውሰዱት። እስክሪብቶ ያዙ። ድሮ ሰው ፎቶ ሲሰጥ ከጀርባው "መታሰቢያ ይሁንልኝ" ብሎ ይጽፍ እንደነበረው፣ አነሳስቼ ማስጻፍ ልማድ ሆኖብኛል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስማቸውን፤ መጻፍ የማይችሉ ሲሆኑ እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። የሚነግሩኝ አንዳንዴ ከፎቶው ይበልጣል።

እምቢ የሚል አለ፣ አትጨቅጭቁት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እናት የእሳቸው ፎቶ እኔ ጋ እንዲቀር አይፈልጉም፤ ለዒድ የልጆቻቸውን አንሣልኝ አሉኝ፤ አሳጥቤ ከሰጠኋቸው በኋላ እያዩኝ ከካሜራውም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት። አሁን በረመዳን ሳምቡሳ የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። ሕግም ከእሳቸው ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ተከታዩ ቁጥር ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ጥቂት ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ለማንሳት "እሺ" ያለ ሰው ኢንተርኔት ላይ ለመለጠፍ "እሺ" አላለም፤ ለየብቻ ጠይቁ። ሕፃን ከሆነ እናቱን፤ ስታነሱትም "እንዴት ያምራል!" ብላችሁ አትጩሁ፣ "ይደግ" ወይም "ማሻአላህ" በሉ።

የሰፈር ልጆች አንዱን ስታነሱ ሁሉም ይመጣሉ። እናቶቻቸውን አስፈቅዳችሁ በቅድሚያ በጅምላ አንሱና፣ መለጠፉንም ከፈቀዱ አንዱን ፎቶ ሱቁ መስኮት ላይ ለጥፉላቸው፤ ይበቃቸዋል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዋ ፎቶ ከእኔ ናት፤ ተጨማሪ ቅጂ የፈለገ ፒያሳ ወይም መገናኛ የማሳጠቢያውን ሒሳብ ራሱ ይከፍላል። ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ የሚፈልግ ሲመጣ ወደ ሰፈራችን ፎቶ ቤት ነው የምልከው። ልጁ በዚያ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፤ በነፃ እየሠራሁ እንጀራው ላይ መቆም አልፈልግም። እሱም በበኩሉ ፍሬም በቅናሽ ይሰጠኛል።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ቢኖር ተከራዮች ናቸው። ቅዳሜ ያነሳኋቸው ባልና ሚስት በሁለተኛው ሳምንት ፎቷቸውን ይዤ ሳንኳኳ ሌላ ሰው ከፈተልኝ። ኪራይ ተጨምሮባቸው ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄደዋል። ስልካቸውን ከባለ ሱቋ አገኘሁትና እሑድ ከተማውን አቋርጬ ወሰድኩላቸው፤ ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። ስለዚህ ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ ስልካቸውን ሳታነሱ በፊት ያዙ፤ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የሚያውቋቸውን የአንድ ሰው ስልክ ጨምሩ፤ ማሳጠቡንም ለሚቀጥለው ወር አታቆዩ።